የድሮው ኔትወርክ ሲዘጋ የትኛው ቀፎ ይደውላል? ስለ 2ጂ፣ 3ጂ እና ቮልቲ

ንብረት ክፍል (ቸርችል ጎዳና)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ለአንድ መካከለኛ ድርጅት የስልክና የመገናኛ ዕቃ መተኪያ ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። ያለው ንብረት ይህ ነው፦ ለጥበቃና ለተላላኪ የተሰጡ 14 ባለቁልፍ ቀፎዎች፣ ከ2014 እስከ 2018 የተሠሩ ባለሁለት ሲም አንድሮይዶች፣ ከአሜሪካ የመጡ ሦስት አይፎኖች፣ መኪና ላይ የተገጠሙ 6 የጂፒኤስ መከታተያዎች፣ እና ሲም የሚገባበት የአሳንሰር የአደጋ ጊዜ መደወያ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

እኛ ጋ 2ጂ ዛሬም እየሠራ ነው። ነገር ግን ሌላው ዓለም 2ጂና 3ጂ እየዘጋ ነው፣ አሁን የሚገዛ ዕቃ ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት። የትኛው ይቆያል? የትኛው ይተካል? ሳንገምት የምንፈትሽበት መንገድ የምታውቁ ብትነግሩን።

ሬዲዮ መሐንዲስ

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ፤ አለዚያ ምክሩ ሁሉ ይምታታል።

2ጂ እና 3ጂ ለድምፅ ራሱን የቻለ መስመር ይከፍታሉ። 4ጂ እንዲህ ያለ መስመር ጨርሶ የለውም፤ በ4ጂ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ዳታ ነው። ስለዚህ 4ጂ ላይ ያለ ስልክ ጥሪ ሲመጣለት ሁለት መንገድ ብቻ አለው። አንደኛው ለጥሪው ሲል ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ መውረድ ነው። ስትደውሉ ለጥቂት ሰኮንድ ዝም ብሎ የሚቆየው፣ ከላይ ያለው 4ጂ የሚል ምልክት ወደ ኤች (3ጂ) ወይም ወደ ኢ (2ጂ) የሚለወጠው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ድምፁን ራሱን እንደ ዳታ በ4ጂ ላይ መላክ ነው፤ ቮልቲ የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ የድሮው ኔትወርክ በተዘጋ ዕለት ቮልቲ የሌለው የ4ጂ ስልክ ምን ይሆናል? ቴሌግራም ይከፍታል፣ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ጥሪ ግን አይወጣበትም፣ አይገባበትምም። ባለቤቱ ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ስልኩ ደህና ይመስለዋል። ችግሩን የሚያውቀው በጨነቀው ሰዓት ሲደውል ነው።

ይህ አውስትራሊያ ውስጥ በግልጽ ታይቷል። ቴልስትራ 3ጂን መዝጋት የጀመረው በጥቅምት 2024 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተገኘው ችግር ተራ ጥሪን በ4ጂ የሚያስኬዱ አንዳንድ ቀፎዎች የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሲደወልባቸው ግን 3ጂን ብቻ እንዲፈልጉ ሆነው መሠራታቸው ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ እነዚህ ቀፎዎች ከኔትወርክ እንዲታገዱ አዘዘ። ቀፎው ላይ ቮልቲ ተብሎ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

የትኛው ይቀድማል ለሚለው፣ ሁሉም አገር አንድ መንገድ አልሄደም። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ 2ጂን በጥር 2017፣ 3ጂን በየካቲት 2022 ዘጋ። ጀርመን በ2021 የዘጋችው 3ጂን ነው፤ 2ጂን አቆየች። አውሮፓ 2ጂን የሚያቆየው በከንቱ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች የአደጋ ጥሪ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተገድደዋል፤ መሣሪያው የተሠራው ደግሞ በ2ጂና በ3ጂ ድምፅ ላይ ነው። ብዙ ቆጣሪና ማንቂያም እንዲሁ።

የሚዘጋበት ምክንያት የአየር ሞገድ እጥረት ነው። አንድ የ2ጂ ቻናል 200 ኪሎኸርዝ ይይዛል፤ በ8 የጊዜ ክፍል ይከፈላል፤ ቢያንስ አንዱ ለቁጥጥር ስለሚውል በሙሉ ጥራት ከሆነ 7 ሰው ያወራበታል። 3ጂ በ5 ሜጋኸርዝ ቁራጭ ይሄዳል። ያው ቁራጭ ለ4ጂ ቢሰጥ ከዚያ የበለጠ ዳታ ይሸከማል፤ ለዚህ ነው ኩባንያዎች የሚቸኩሉት።

ቀፎ ጠጋኝ ፒያሳ

መሐንዲሱ ያለውን ወደ እጅ ሥራ ልመልሰው። ለእያንዳንዱ አንድሮይድ ይህን አድርጉ።

በመጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሲም ወይም የሞባይል ኔትወርክ ገጹን ክፈቱ። ቮልቲ የሚል ወይም በ4ጂ መደወልን የሚያበራ ማብሪያ ካለ አብሩት። ማብሪያው ጨርሶ ከሌለ ወይ ቀፎው አይችልም፣ ወይ ሶፍትዌሩ የተሠራው ለሌላ አገር ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ በተለይ ሳምሰንግ ላይ። ያው ሞዴል፣ ያው ሰሌዳ ሆኖ የአገር ኮዱ ሲለያይ ቮልቲው ይደበቃል።

ቀጥሎ ደውሉና ምልክቱን ተመልከቱ። ለሌላ ስልክ ደውላችሁ እያወራችሁ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ ከላይ ያለውን ምልክት እዩ። 4ጂ እንዳለ ከቆየ ድምፁ በ4ጂ እየሄደ ነው። ወደ ኤች፣ 3ጂ ወይም ኢ ከወረደ እየሄደ ያለው በድሮው መንገድ ነው።

በመጨረሻ ቁርጡን የሚነግራችሁ ፈተና ይህ ነው። መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ጻፉ፤ መደወያ ቁልፉን ሳትጫኑ ራሱ ይከፈታል። የስልክ መረጃ የሚለውን ምረጡ፤ የሚመረጠው የኔትወርክ ዓይነት ከሚለው ዝርዝር ኤልቲኢ ብቻ የሚለውን ያዙ፤ ኤልቲኢ ማለት 4ጂ ነው። አሁን ቀፎው ወደ ታች መውረጃ የለውም፤ የድሮው ኔትወርክ ተዘግቷል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ አራት ነገር ሞክሩ፦ ደውሉ፣ አስደውሉ፣ መልእክት አስልኩ፣ ኮከብ 804 መሰላል ብላችሁ ሂሳብ ጠይቁ። የሠራውንና ያልሠራውን በቀፎው ስም መዝግቡ።

ስትጨርሱ መቼቱን ወደ ነበረበት መልሱ። ይህ የግድ ነው! ቮልቲ የሌለውን ቀፎ በኤልቲኢ ብቻ ትታችሁት ከሄዳችሁ የሚደውልለት ሰው ሁሉ አያገኘውም፤ ባለቤቱም ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ አይጠረጥርም።

ሳምሰንግ ላይ ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው ወይም ምርጫው ይጎድላል። በእሱ ላይ *#0011# ብላችሁ የተያዘውን ባንድ፣ ማለትም ስልኩ የሚጠቀምበትን የሞገድ ክልል፣ ማየት ትችላላችሁ፤ ጥሪው ላይ እያላችሁ ኤልቲኢ የሚለው ከቆየ በቂ ነው። ለሙከራ ብሎ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሮቹ 991፣ 907 ወይም 939 የሚደውል እንዳይኖር አደራ። መስመሩን የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሰላም ካዛንቺስ

በኤልቲኢ ብቻ ሆኖ መልእክት ይገባል፣ ጥሪ ግን አይገባም። ይህ የተለመደ ነው ወይስ ሲሙ ተበላሽቷል?

ሬዲዮ መሐንዲስ

እህቴ፣ ሲምሽ ደህና ነው። አጭር መልእክት ቀፎው 4ጂ ላይ እንዳለ በቁጥጥር መስመር በኩል ሊገባ ይችላል፤ መውረድ አያስፈልገውም። ስለዚህ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር መድረሱ ጥሪ ይሠራል ማለት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ፈትኑ።

ቡና ባንክ ጀርባ

ስለ ኮከብና መሰላል አገልግሎት አንድ ሰው በደንብ ያስረዳ። *889# እና *127# በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ባንኩ በሙሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሬዲዮ መሐንዲስ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለእኛ አገር ከድምፅ ጥሪም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የኮከብ መሰላል አገልግሎት የተወለደው ከ2ጂ ጋር ነው። 4ጂ ላይ ያለ ስልክ *889# ሲልክ በተለምዶ ልክ እንደ ጥሪ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፤ ሜኑው እዚያ ላይ ይከፈታል። ሳይወርድ በ4ጂ እንዲሄድ ከተፈለገ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ ኔትወርኩ ይህን በቮልቲው ሥርዓት ውስጥ ማስተላለፍ አለበት፣ ቀፎው መላክ አለበት፣ ሲሙም በቮልቲ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ቮልቲው የሚሠራ፣ ጥሪውም ጥርት ያለ ቀፎ ሆኖ ኮከቡ ላይ የግንኙነት ስህተት ብሎ የሚመልስ አለ። ከላይ ፈተናው ውስጥ ኮከብ 804 መሰላል የገባው ለዚህ ነው፤ አትዝለሉት።

ሜኑው መሀል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ ገንዘብ ማስተላለፉ ተፈጽሞ መልሱ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛ ከመላካችሁ በፊት ቀሪ ሂሳብ ተመልከቱ።

ቀፎ ጠጋኝ ፒያሳ

ወደ ባለቁልፎቹ ልምጣ። ከባትሪው ሥር ወይም ካርቶኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ጂኤስኤም 900/1800 ብቻ ካለ 2ጂ ነው፣ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። ደብሊውሲዲኤምኤ የሚል ከጨመረ 3ጂ አለው። ኤልቲኢ ብሎ ባንድ ከዘረዘረ 4ጂ ነው። ተለጣፊው ከተላጠ *#06# ብላችሁ የሚወጣውን 15 አሃዝ በሞዴል ማጣሪያ ገጽ ላይ አስገቡት።

ስሙ ብቻ አያታላችሁ። ኖኪያ 105 የሚባል ቀፎ 2ጂ የሆነም አለ፣ 4ጂ የሆነም አለ፤ መልካቸውም ሊመሳሰል ይችላል። ሻጩ የሚለውን ትታችሁ ካርቶኑን አንብቡ። ባለቁልፍ 4ጂ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፤ ምልክቱ ከወረደ ዋጋው ላይ ከመከራከር በፊት ቀፎውን መልሱ። ህንድ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተሠሩ እንደ ጂዮፎን ያሉ ቀፎዎችም በእጅ ይመጣሉ፤ በሌላ ሲም አትተማመኑባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ። ለገጠር ዘመድ የሚላክ ቀፎ ከሆነ 2ጂንም 4ጂንም የያዘ ይሁን። እዚህ መሀል ከተማ ያለው ሽፋን እዚያ አለ ብላችሁ 2ጂ የሌለውን አትላኩ።

አራት ኪሎ

ጠጋኙ ባለሁለት ሲሞቹን ረሳቸው። ከ2014 እስከ 2016 አካባቢ በተሠሩ ብዙ ርካሽ አንድሮይዶች ላይ 4ጂ ወይም 3ጂ የሚቀበለው አንዱ ማስገቢያ ብቻ ነው፤ ሌላው 2ጂ ብቻ ነው። 09 አንደኛው ላይ፣ 07 ሁለተኛው ላይ ያደረገ ሰው ስልኬ 4ጂ ነው ይላል፣ ግማሹ ግን 2ጂ ነው። ሲሞቹን አቀያይራችሁ ሁለቱንም ማስገቢያ ፈትኑ። አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ባንክ የተመዘገበበትና ሰው የሚደውልበት ቁጥር የተሻለው ማስገቢያ ላይ ይሁን፤ ለኢንተርኔት ጥቅል ብቻ የተያዘውን ቁጥር ወደ ሌላው አዙሩት።

የሲም ጉዳይ

ስለ ቀፎው ብዙ ተባለ፣ ስለ ሲሙ ግን ማንም አላነሳም። በጣም የቆየ ሲም 2ጂ ላይም 3ጂ ላይም ይሠራል፣ 4ጂ ግን አይቀበለውም። 4ጂ የሚጠይቀው የማረጋገጫ ዘዴ ስልኩም ኔትወርኩን፣ ኔትወርኩም ስልኩን የሚያጣራበት ነው፤ አሮጌው ካርድ ይህን አያውቅም። አዲስ ቀፎ ተገዝቶ ከ3ጂ በላይ አልወጣ ካለ፣ ጠጋኝ ጋ ከመሄድ በፊት ሲሙን በሌላ 4ጂ በሚሠራ ቀፎ ሞክሩት። እዚያም ካልወጣ ጥፋቱ የካርዱ ነው።

ልውውጡ ቁጥሩን አይለውጥም። መታወቂያ ይዛችሁ፣ በስማችሁ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጣችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሂዱ። በድርጅት ስም የተመዘገቡትን ለማስለወጥ ደብዳቤ አዘጋጁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ስሞቹን ገልብጡ። በባለቁልፍ ቀፎ ላይ ብዙ ሰው ቁጥር የሚይዘው ሲሙ ላይ ነው፤ አብዛኛው ካርድ እስከ 250 ስም ይይዛል፣ ካርዱ ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። ስሞች ከሚለው ውስጥ ሁሉንም ወደ ስልክ ቅዳ የሚለውን ተጠቀሙ። ልውውጡን በሥራ ቀን ጠዋት አድርጉት፤ የባንክ መተግበሪያው አዲሱን ካርድ አይቶ እንደገና ማረጋገጫ ከጠየቀ ቅርንጫፍ ክፍት ሆኖ ያገኛችኋል።

ቦሌ መንገድ

የአይፎኖቹን ልመልስ። ቮልቲ የሚጀምረው ከአይፎን 6 ነው፤ 5ኤስ እና ከዚያ በታች ያሉት 4ጂ ኢንተርኔት ቢኖራቸውም ጥሪያቸው ሁልጊዜ ይወርዳል። በሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ዳታ አማራጮችን፣ ከዚያ ድምፅና ዳታ የሚለውን ክፈቱ፤ የቮልቲ ማብሪያ መኖሩን እዩ። አፕል ማብሪያውን የሚያሳየው ለዚያ ሲም ኩባንያ የተዘጋጀ መቼት ስልኩ ውስጥ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩን አዘምናችሁ፣ ስለ ስልኩ የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ። የኩባንያ መቼት ዝመና ካለ እዚያ ይጠይቃችኋል።

ከአሜሪካ ለሚመጣ አንድሮይድ ደግሞ ባንዱን ተመልከቱ። የአሜሪካ 4ጂ በብዛት በባንድ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 13፣ 66 እና 71 ነው። በእኛ አካባቢና በአውሮፓ የተለመዱት ባንድ 3 ማለትም 1800 ሜጋኸርዝ፣ ባንድ 20 ማለትም 800፣ እና ባንድ 7 ማለትም 2600 ናቸው። ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ የተሠራ ርካሽ ቀፎ ባንድ 3 ከሌለው እዚህ ሲመጣ 3ጂ ወይም 2ጂ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ዛሬ ይደውላል። 2ጂና 3ጂ ሲዘጉ ግን ሶፍትዌር መጫንም፣ ሎክ ማስከፈትም አያድነውም፤ የሬዲዮው ክፍል የለበትም።

ከአሜሪካ የሚገዛ አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ ያለው የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ እንኳን የለውም። ዘመድ ሊልክ ሲል ይህን ንገሩት።

ጥበቃ ይቅደም

እኔ 2ጂ በቶሎ ቢዘጋ ደስ ይለኛል። 2ጂ ላይ ስልኩ ኔትወርኩን አያጣራም፤ የውሸት ማማ የተከለ ሰው በአካባቢው ያለውን ስልክ ወደ ራሱ ስቦ የባንክ የሚመስል መልእክት መላክ ይችላል። ምስጠራውም የተሰበረ መሆኑ የታወቀ ነው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ብዙ ቀፎዎች ላይ 2ጂን ማጥፊያ አለ፤ ሲም ገጹ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቮልቲው የሚሠራለት ሰው ዛሬውኑ ያጥፋው።

ሬዲዮ መሐንዲስ

ስለ ደህንነቱ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ ማጥፊያውንም እኔ እመክራለሁ። ኔትወርኩን በቶሎ መዝጋት በሚለው ላይ ግን አልስማማም። ስማርት ስልክ ያለው ሰው በአንድ ማብሪያ ራሱን ይከላከላል። ባለቁልፍ ብቻ የያዘች እናት ግን 2ጂ ሲዘጋባት ልጇንም፣ ባንኳንም፣ አምቡላንሱንም በአንድ ቀን ታጣለች።

መሀለኛ መንገድ አለ። 2ጂን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጉ በጥቂት ቻናሎች ቀጭን አድርጎ ማቆየትና የቀረውን ሞገድ ለ4ጂ መስጠት ይቻላል። 3ጂን ቀድሞ መዝጋትም ከዚያው ሐሳብ ይመነጫል፤ 3ጂ ያለው ቀፎ ሁሉ ማለት ይቻላል 2ጂም አለው፣ ስለዚህ ጥሪው አይጠፋም፣ ኢንተርኔቱ ብቻ ይዘገያል። እኔን ቢጠይቁኝ ለአገራችን የሚስማማው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ስለ ሕንፃዎችም ልጨምር። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳን ከ1800 ይልቅ በደንብ ያልፋል። ሜክሲኮና ለገሃር ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች የምድር ቤት ማቆሚያ ውስጥ፣ እንዲሁም ሙቀት የሚመልስ ቅብ ያለው መስታወት በለበሱ ቢሮዎች ውስጥ፣ ዛሬ ጥሪ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የ900 2ጂ ወይም 3ጂ ነው። ስለዚህ የኤልቲኢ ብቻ ፈተናውን ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን ጥበቃው በሚቆምበት ምድር ቤትም አድርጉት።

ሰርኪዩት ስድስት ኪሎ

መከታተያዎቹንና አሳንሰሩን እኔ ልያዘው።

ቲኬ103 እና ጂቲ06 የሚል ስም ያላቸው የተለመዱት መከታተያዎች 2ጂ ናቸው። ሲም በመቀየር ወደ 4ጂ አይወጡም፤ ሣጥኑ ራሱ ይተካል። ስትተኩ አዲሱ የ9 እስከ 36 ቮልት ዓይነት ይሁን፤ ጭነት መኪና 24 ቮልት ነው። በባትሪው መስመር ላይ ፊውዝ ሳታስገቡ አታገናኙ። ሰርቨሩ የድሮውን ፕሮቶኮል ብቻ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ሣጥን ምልክት እየላከ ካርታው ላይ አይታይም። አንዱን ገዝታችሁ ሳምንት ሞክራችሁ ሌሎቹን እዘዙ።

በራሳችሁ ሰሌዳ የሠራችሁት መቆጣጠሪያ ካለና ሲም800ኤል የሚባለውን የ2ጂ ሞጁል ከያዘ፣ የተለመደው ተተኪ የ4ጂው ሞጁል ኤ7670ኢ ነው። እግሩ አይገጥምም። የመረጃ መስመሩም የተለየ ነው፤ ሲም800ኤል በ2.8 ቮልት፣ ኤ7670 በ1.8 ቮልት ይናገራል፣ ስለዚህ ሞጁሉ ብቻውን ከተገዛ ቮልት አስማሚ መሀል ይግባ። ሁለቱም በሚልኩበት ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ስለሚስቡ ከሞጁሉ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስቀምጡ፤ ኔትወርክ ሊይዝ ሲል ደጋግሞ የሚጠፋና የሚበራ ሞጁል ዋነኛ በሽታው የኃይል ማነስ ነው። አንቴናውንም ቀይሩ። ኮዱ ውስጥ ያሉት፣ ሞጁሉ የሚታዘዝባቸው የኤቲ ትእዛዞች በአብዛኛው ይሠራሉ፣ ዳታ ለመክፈት የሚጻፉት ሳፕቢአር የሚሉት መስመሮች ግን በአዲሱ ላይ የሉም፤ አውጧቸው።

አሳንሰሩ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። መደወያው ድምፅ ይፈልጋል፤ ብዙ የ4ጂ ሞጁሎች ግን ዳታ ብቻ ናቸው። ኤ7670 ራሱ ድምፅ ያለውም የሌለውም ዓይነት አለው፤ ስትገዙ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ጠይቁ። ከተገጠመ በኋላ በሩን ዘግታችሁ፣ አሳንሰሩን ምድር ቤትና መጨረሻው ፎቅ ላይ አቁማችሁ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ሁለት ደቂቃ አውሩ። የመብራት መቋረጥንም አስመስሉ፤ የውስጥ ባትሪው መደወያውን መሸከም አለበት። በር ክፍት ሆኖ የተደረገ ሙከራ ምንም አያረጋግጥም።

ንብረት ክፍል (ቸርችል ጎዳና)

እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚህ ቅደም ተከተል ልንሄድ ነው፦ መጀመሪያ የአሳንሰሩ መደወያ፣ ቀጥሎ የጥበቃዎቹ ባለቁልፎች፣ ከዚያ መከታተያዎቹ፤ አንድሮይዶቹ በፈተናው ውጤት ይለያሉ። አንድ ጥያቄ ቀረ። ሁለት ባልደረቦች በሚቀጥለው ወር አንዱ ወደ አሜሪካ፣ አንዷ ወደ ጀርመን ይሄዳሉ፤ የእዚህን ሲም ሮሚንግ አስከፍተው ነው። ስልካቸው እዚያ ይደውላል?

ቦሌ መንገድ

ወደ ጀርመን የምትሄደው ስጋት የለባትም፤ 2ጂው እዚያ ስላለ ቀፎዋ ቢወርድም ይደውላል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ግን ለጥሪ ቮልቲ ያስፈልገዋል፤ በሮሚንግ ላይ ቮልቲ የሚሠራው በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ለዚያ የተለየ ስምምነት ሲኖር ነው። ከመሄዱ በፊት 994 ደውሎ ሮሚንግ አለ ወይ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በሮሚንግ ላይ ድምፅ በቮልቲ ይሄዳል ወይ ብሎ ይጠይቅ። አይሄድም ካሉት ዳታውን ከፍቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይደውል፤ ለባንክ ማረጋገጫ መልእክት ሲሙ ቀፎው ውስጥ ይቆይ፤ ለአካባቢ ጥሪ ደግሞ እዚያው የሚሸጥ ሲም ይያዝ። ለዚህ ሁለት ሲም የሚቀበል፣ የአሜሪካ ባንዶች ያሉት ቀፎ ይዞ ይሂድ።

አራት ኪሎ

የሚይዘው ቀፎ ያ የ2015ቱ ባለሁለት ሲም እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ሁለተኛው ማስገቢያ 2ጂ ብቻ ከሆነ እዚያ ላይ ያለው ሲም ምንም ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል።

ንብረት ክፍል (ቸርችል ጎዳና)

ተረድተናል። የፈተናውን ውጤት በሞዴል በሞዴል ከፍለን እዚሁ እንለጥፋለን።